ጋሽ ዘውገ የማይፈተሹባት መስመር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ኮድ መጻፍ ነበር፤ ሰባት ሆነው የሚሠሩበት ክፍል አለቃም ነበረ። ሰው ከሚከፋበት እሱ ቢከፋው የሚመርጥ፣ ይሉኝታ ያጠቃው ሰው።

ቆዪ ፍሬሰላም፣ አትቸኩይ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አውቶማቲክ ፍተሻው የአለቃዬን ሥራ በየቀኑ እየመለሰባቸው አፈርኩ፤ ታላላቆቻችንን ብቻ ሳይፈትሽ ቢያሳልፋቸው ምን ነውር አለው?» ነው አይደል ያልሽኝ? ነውር መኖር አለመኖሩን ስጨርስ አንቺው ትነግሪኛለሽ። ታሪኩን የሰማሁት ከራሱ ከሰውዬው ነው፤ ከኪሴ የጨመርኩበት የለም።

ይህ ሰውና ባልደረቦቹ ለሆስፒታሎች የቀጠሮ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ መቼ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ፕሮግራሙ ይቆጥራል። ቀኑ ሊደርስ ሲል ስልኩ ላይ መልእክት ይልክለታል፤ በቀኑ ደግሞ ስሙን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ላለው ሠራተኛ በዝርዝር ያወጣለታል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አንዲት ቀን ከተዛነፈች አንድ ሰው ያለ መድኃኒት ያድራል፤ ይህን ሰባቱም ያውቁታል።

ሁሉም የጻፉትን የሚያስገቡት ወደ አንድ የጋራ ማኅደር ነው። ማኅደሩ ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን መስመር እንደለወጠ መዝግቦ ይይዛል። ሕጋቸውም የአንዱን ሥራ ሌላው አይቶ ሳይፈቅድ ምንም እንዳይገባ ነበር። ሕግ ነው እንግዲህ! እኛ ደግሞ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ሞታችን ነው። ታናሹ የታላቁን ሥራ ሲቀርብለት «እጅዎ ይባረክ ጋሼ» ብሎ ያሳልፋል፤ እንኳን ሊያነበው ገልጦም አያየው። ታላቁም ልጁን ላለማሳቀቅ ያሳልፋል። ስህተት ያየ ቢኖር እንኳ አይናገርም፤ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ያርመውና ይሄዳል። ይህን ጨዋነት ይሉታል። እኔ ሌላ ስም አለኝ፣ ግን ይቅር።

ከሰባቱ አንዱ አዛውንት ነበሩ፤ ጋሽ ዘውገ ይባላሉ። ሰውዬውን ኮድ መጻፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው፣ አባቱ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አብረውት ያደሩትም እሳቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲጀምሩ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ፤ ሰውዬው ይህን አይቶ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ አልሆነልንም» ብሎ አባብሎ አመጣቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ።

ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ ሐሳባቸውም እንደ ድሮው አይሰበሰብም። ሰውዬው ይህን ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየ የእሳቸውን ስህተት አንድ በአንድ ሲለቅም ኖሯል፤ እሳቸው ግን አያውቁም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ዘውገ ክብራቸው ሳይነካ ሠርተው እንዲኖሩለት። ለዚህ ሲል የማይሆነው ነገር አልነበረም።

ኋላ ግን ስህተቱ በዛ። የጋሽ ዘውገ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እነሱ ደግሞ እየተሸፋፈኑ ነው የኖሩት። ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና «እርስ በርሳችን መናገር ካቃተን፣ ይሉኝታ የማያውቅ ነገር ይናገርልን» ብሎ ሦስት ሳምንት ደክሞ አውቶማቲክ ፍተሻ ሠራ። አንድ ሰው የጻፈውን ወደ ማኅደሩ ሊያስገባ ሲል ፍተሻው ያስቆመውና ኮዱን ሁለት መቶ ያህል ጥያቄ ይጠይቀዋል። ሁሉንም ከመለሰ አረንጓዴ ያበራና ያሳልፈዋል፤ አንዷን ከሳተ ቀይ አብርቶ ይመልሰዋል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስለ ቀን ነበሩ፤ ወር ሲገባ፣ ዓመት ሲለወጥ፣ ጳጉሜን አምስት ስትሆን፣ በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ስትሆን። ይህችን የመጨረሻዋን በተለይ ተጠንቅቆ ነው የጻፋት። ፍተሻው ውጤቱን ሁሉም ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከነስም ያወጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሳቅ ብቻ ነበር። እኔን የሚያክል የለም የሚል አንድ ጎረምሳ ነበራቸው፤ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ወድቆ ለሁሉም ሻይ አስጋበዙት። ስህተት እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ሲያዩ ራሳቸውም ገረማቸው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ግሩፑ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «የዘውገ ሥራ አላለፈም። ስህተት፦ አራት።»

በዚህኛው የቀለደ የለም። ቢቀልዱ ይሻል ነበር። ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከሰዓት በኋላ «ትንሽ ራሴን አሞኛል» ብለው ወጡ። በማግስቱም ቀሩ።

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ እህል አልወርድ አለው። «አስተማሪዬን በአደባባይ አዋረድኳቸው» ይላል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ሚስቱ አስተዋይ ሴት ነች። «ታዲያ ለምን ሄደህ አራቱን ስህተት ለብቻቸው አታሳያቸውም?» አለችው።

«እኔ? ለእሳቸው?» አለ። «በምን አፌ!»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢሮ ቀድሞ ገባና ፍተሻው ውስጥ አንድ መስመር ጨመረ። ሥራው የዘውገ ከሆነ አረንጓዴ አብርተህ አሳልፍ የምትል መስመር ነች። ከጎኗም በአማርኛ ማስታወሻ ጻፈ፦ «ጋሽ ዘውገ አይፈተሹም።» ፍተሻው እንደ ወትሮው ጥያቄዎቹን ይጠይቃል፣ መልሱንም ማንም ከፍቶ በማያየው መዝገቡ ውስጥ ያሰፍራል፤ ግሩፑ ላይ ግን አረንጓዴ ብቻ ያወጣል። «እኔ ራሴ አይላቸዋለሁ» ብሎ ራሱን አጽናና። «እስከ ዛሬስ የማርመው እኔ አይደለሁ?» ከዚያ ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ለካ ፍተሻው ነበር የተበላሸው፤ አስተካክዬዋለሁ፤ ይምጡ» አላቸው።

ውሸቷ ይህች ነች። በፍቅር የተዋሸች፣ ለጽድቅ የምትቆጠር የምትመስል ውሸት። ምነው አፉን በያዘው!

ጋሽ ዘውገ መጡ። ሥራቸውን አስገቡ፣ አረንጓዴ። በማግስቱም አረንጓዴ። ወጣቶቹ ግራና ቀኝ ሲወድቁ እሳቸው አንዲት ቀይ ሳያዩ ወር አለፋቸው። ትከሻቸው ቀና አለ። «ልጆች፣ መቸኮል ነው የሚጥላችሁ፤ ቀስ በሉ እስቲ» እያሉ ይመክሩ ጀመር። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለሚስታቸው «እጄ ተመለሰ» ብለው ነገሯቸው። ሰውዬው ይህን በሰማ ጊዜ ደስ አለው፤ ማታ ደግሞ እንደ ወትሮው ቆይቶ ስህተታቸውን ለቀመ።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ዘውገ መጥተው ፊቱ ቆሙ። «የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ለእኔ ስጠኝ። አርጅቷል፤ እንደ አዲስ አሳምሬ ልጻፈው» አሉት። ያ ክፍል የፕሮግራሙ ልብ ነው። እንዴት ይበል? ሦስት ወር አረንጓዴ ሲያሳያቸው ከርሞ ዛሬ «አይችሉም» ይበላቸው? ሰጣቸው። ሲጨርሱ ግን መስመር በመስመር ሊያነበው ለራሱ ማለ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ያሳደገችው አክስቱ አረፈች። ሀገር ቤት ወረደ። ልቅሶ ነው፤ ማን ስለ ኮድ ያስባል? በአራተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያቺ መስመር ትዝ አለችው። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ኮረብታው ላይ ብትወጣ ይይዝልሃል አሉት። ሊነሳ አለና ለቀስተኛ መጣ፣ ተቀመጠ። በአንድ ሳምንት ምን ይመጣል ብሎ ተወው። ፍተሻው ልቅሶ አይሄድም ነበር፤ እሱ ግን ሰው ነው፣ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ዘውገ ሥራቸውን ጨርሰው አስገቡ። አረንጓዴ በራ፤ ኮዱን ገልጦ ያየው ሳይኖር ግሩፑ በጭብጨባ ምልክት ተሞላ። በአዲሱ ኮድ ውስጥ ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች። ሁልጊዜ አምስት። ዓመቱ ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው። ጋሽ ዘውገ ይህ ጠፍቷቸው እንዳይመስልሽ፤ ሕፃን የሚያውቀውን እሳቸው ሊያጡት ነው? ለጊዜው አምስት ብለው ጻፉ፣ ኋላ እመለስባታለሁ አሉ፣ ረሷት። ፍተሻው ግን አልረሳም። ያችን ሰውዬው የጻፋትን ጥያቄ ጠየቀ፣ መልሱ ስህተት መሆኑን አወቀ፣ መዝገቡ ውስጥም አሰፈረ። እንዳይናገር ግን ታዟል።

ጳጉሜን ስድስት ቀጠሮ የነበራቸው አርባ አንድ ሰዎች መልእክት አልደረሳቸውም፤ ስማቸውም ዝርዝሩ ላይ አልወጣም። ለፕሮግራሙ ያ ቀን የለማ! አብዛኞቹ ጥቂት ክኒን ተርፏቸው ስለነበር ከበዓል በኋላ ሄደው ተሰጣቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ነበረች። የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒቷን ከወሰደች ደህና ነች፣ ዘጠኝ ዓመት ወድቃ አታውቅም። መልእክት ባይመጣላትም ካርዷ ላይ ቀኑን አይታ በጠዋት ሄደች። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና «ስምሽ የለም እህቴ፤ ከበዓል በኋላ ነይ» አላት።

«ካርዴ እኮ ዛሬ ይላል» አለች።

«ኮምፒውተሩ ግን የለችም ይላል።»

ኮምፒውተር ካለ እሷ ምን ትላለች? ተመለሰች። መስከረም ሦስት ቀን፣ ክኒኗ አልቆ፣ የበዓሉም ሰሞን ሳያልፍ፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ቆማ ሳለ ጣላት፤ ቀኝ እጇ እሳቱ ላይ አረፈ። ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጎረቤት ደርሶ ሕይወቷ ተረፈ፤ እጇ ግን ከዚያ በኋላ መቀስ መያዝ አልቻለም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት ጉዱ የተሰማው ከጠባ በኋላ ነው።

ሆስፒታሉ ሲደውል ሰውዬው፣ የሳምንቱ ልቅሶ ተራዝሞበት፣ ከበዓል በኋላ ገና መመለሱ ነበር፤ ጥቁሩንም አላወለቀም። ሰባቱም ተሰብስበው ማኅደሩን ከፈቱ። ያቺን አምስት ቁጥር የጻፈው ማን ነው? ዘውገ። ስሙን ጮክ ብለው ያነበቡት ራሳቸው ጋሽ ዘውገ ነበሩ። «እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አረንጓዴ ነበር እኮ! ፍተሻው እንዴት አሳለፈኝ?» ብለው የፍተሻውን ኮድ ከፈቱት።

«ጋሼ ይተዉት፤ እኔ አየዋለሁ» አለ ሰውዬው።

አልተዉትም። ዓይናቸው ስለሚደክም ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው መስመር በመስመር ወረዱ። ሰውዬው ከጀርባቸው ቆሞ ጣታቸውን ያያል። መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር። ጣቱ ቆመ። ጋሽ ዘውገ ማስታወሻዋን አንዴ አነበቧት፣ ደገሟት።

«መቼ ነው የጻፍካት?»

«ሚያዝያ ላይ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ከሚያዝያ ወዲህ ያለው አረንጓዴ ሁሉ...» አልጨረሱትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለሚስቴ እኮ ነግሬያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ሰውዬው እግራቸው ላይ ወደቀ። «ክብርዎን ብዬ ነው ጋሼ! እንዳይከፋዎት ብዬ ነው!»

«ቀዩን ብታሳየኝ አንድ ሳምንት አፍር ነበር» አሉ። «ከዚያ ወይ እማርበታለሁ፣ ወይ አልቻልኩም ብዬ በክብሬ ቤቴ እገባለሁ። እኔ አንተን ያስተማርኩህ ስህተትህን እያሳየሁህ አልነበረም? ያኔ ጠልቼህ ነበር እንዴ?»

ሰውዬው ከወደቀበት ቀና አላለም። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ፤ ከመካከላቸው ያላቀረቀረ አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳይሰፋ የቀረ የሰው ልብስ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ጋሽ ዘውገ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋት። ሴትዮዋ ደግ ነች፤ ሽማግሌ ፊቷ ሲያጎነብስ ጨነቃት። «ኧረ ይተዉ አባቴ፣ ማሽኑ ነው የተሳሳተው ብለውኛል፤ እርስዎ ምን አደረጉ!» አለቻቸው።

«የለም ልጄ» አሉ ጋሽ ዘውገ። «ማሽኑስ ልክ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ቢሮ አልተመለሱም። ሰውዬው በየሳምንቱ ቤታቸው ይሄዳል፤ በፈገግታ ይቀበሉታል፣ አብረው ይበላሉ፣ ሲወጣ ይመርቁታል። ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል አንስተው አያውቁም። እሱም ሊያነሳባቸው አልደፈረም። ያቺን መስመር ያጠፋት ጋሽ ዘውገ ባነበቧት ዕለት ነው፤ ለማጥፋት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀችበትም። ይህን ሲነግረኝ ነው ያለቀሰው።

እንግዲህ ፍሬሰላም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያ ፍተሻ ይሉኝታ የሌለው ወዳጅ ማለት ነው፤ ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ይባል የለ? ታላላቆችሽን ከእሱ ስታሸሺያቸው ከስህተታቸው ያዳንሻቸው ይመስልሻል፤ ስህተቱ ግን እዚያው ነው፣ ያስጣልሻቸው ከሚነግራቸው ነው። አክብሪያቸው እንጂ! ማን አታክብሪ አለሽ? ከወንበርሽ ተነሺላቸው፣ ቦርሳቸውን ተቀበያቸው። በአደባባይ መውጣቱ ካሳፈረሽ ደግሞ ስም ግሩፑ ላይ እንዳይወጣ አድርጊው፤ ለባለሥራው ብቻ ይንገረው። ሰውዬውም መጀመሪያውኑ ይህን ቢያደርግ ኖሮ በቂ ነበር። ቀዩ ግን ቀይ ይሁን። በዚያ በር የሚያልፈው የአለቃሽ ስም ብቻ አይደለም፤ ከወዲያ በኩል ካርዷን ይዛ መስኮት ላይ የቆመች ሴት አለች።

እስቲ አሁን ቀና በይና እዪኝ። የጠየቅሽኝ መስመሯን ልትጽፊያት አስበሽ ነው፣ ወይስ ጽፈሻት ነው የመጣሽው?

አቀረቀርሽ። ገባኝ።

በይ ተነሺ። መጀመሪያ አጥፊያት። ከዚያ አለቃሽ ቢሮ ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ ሳይፈተሹ እንዳለፉ ራስሽ ንገሪያቸው። ይቆጡሻል። ይቆጡ።